የሌላ ሰው ውል ገዝቶ ቤት መያዝ፦ በባልቲሞር የአንድ ሆልሴለር አገልግሎት ሲመዘን

ይህን ግምገማ የምጽፈው በሜሪላንድ ግዛት፣ በተለይም በባልቲሞር ከተማ፣ ሆልሴሊንግ በሚባለው መንገድ ቤት የሚያቀርብ አንድ ድርጅት የሚሰጠውን አገልግሎት ለአሥራ አራት ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። በእነዚህ ወራት ከላከልኝ ዝርዝር ውስጥ አሥራ አንድ ቤቶችን በአካል ሄጄ አይቻለሁ፤ ከሁለት ዘመዶቼ ጋር ሆነን የገዛነው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ሆልሴሊንግ የሚለው ቃል ሲተረጎም «ጅምላ ንግድ» ስለሚሆን፣ ብዙ ወገኖቻችን ቤቶችን በብዛት ገዝቶ በቅናሽ መሸጥ ይመስላቸዋል። ሥራው ሌላ ነው። ሆልሴለሩ ቤቱን አይገዛም፤ መሸጥ ከሚፈልግ ባለቤት ጋር የግዢ ውል ይፈራረምና አነስተኛ ቀብድ ያስይዛል፤ ከዚያም በውሉ ውስጥ «ገዢው ወይም መብቱን ያስተላለፈለት ሰው» የሚለውን ሐረግ ተጠቅሞ የመግዛት መብቱን እንደኛ ላለ ገዢ በትርፍ ያስተላልፋል። ክሎዚንግ በሚባለው የሽያጩ መዝጊያ ቀን ስመ ንብረቱ ከባለቤቱ በቀጥታ ወደ እኛ ይዞራል፤ ሆልሴለሩም የውል ማስተላለፊያ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል። ከአገር ቤት ደላላ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ደላላው ኮሚሽኑን የሚቀበለው ሻጭና ገዢን አገናኝቶ፣ ሁለቱም በሚያውቁት ዋጋ ከተስማሙ በኋላ ሲሆን፣ ሆልሴለሩ ግን ለአንዱ የነገረውን ዋጋ ለሌላው አይናገርም።

ድርጅቱ ቤት በማግኘት በኩል ብርቱ ነው። ዝርዝሩ በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ሳይዛነፍ ይደርሳል፤ ፎቶዎቹ የሻገተውን ግድግዳና ውኃ የገባበትን ምድር ቤት ሳይደብቁ ያሳያሉ፤ ቤቱን ለማየት ስንጠይቅ የቁልፍ ሳጥኑ ቁጥር በዚያው ቀን ይሰጠን ነበር። በገበያ ላይ በይፋ ያልወጡ ቤቶችን እንደኛ በሥራ የተጠመደ ሰው በራሱ ጥረት ሊያገኛቸው አይችልም፤ ለዚህ ልፋት ክፍያ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ድክመቱ ያለው ከቤቱ ፎቶ ሥር በሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። አንደኛው ቤቱ ከታደሰ በኋላ ያወጣል የሚባለው ዋጋ፣ ሁለተኛው የማደሻው ወጪ ነው። በዚህ ሥራ የተለመደው ሒሳብ፣ ከእድሳት በኋላ ካለው ዋጋ ሰባ በመቶውን ወስዶ የጥገናውን ወጪ መቀነስ ነው፤ የሚቀረው ገንዘብ ገዢው ሊከፍለው የሚገባው ከፍተኛ ዋጋ ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተዛቡ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ውጤቱ ያከስራል። በቤልኤየር ኤዲሰን ሰፈር ያየነው የመጀመሪያው ቤት በ92,000 ዶላር ቀርቦ ነበር። ድርጅቱ ቤቱ ታድሶ 210,000 እንደሚያወጣ፣ ጥገናውም 45,000 እንደሚፈጅ ጽፏል፤ በዚህ ስሌት እስከ 102,000 ዶላር ቢከፈልበት የሚያዋጣ ይመስላል። ነገር ግን ለማነጻጸሪያ ከቀረቡት ሦስት ቤቶች ሁለቱ ከሄሪንግ ረን ፓርክ ማዶ ባለው በላውራቪል ሰፈር የሚገኙ፣ ለብቻቸው የቆሙና ግቢ ያላቸው ነበሩ፤ የእኛው ግን በግራም በቀኝም ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት ነው። በዚያው ሰፈር፣ በተመሳሳይ ስፋትና ዓይነት የተሸጡትን ስንመለከት ዋጋው ወደ 175,000 ወረደ። የምናምነው ኮንትራክተር ጥገናውን 68,000 ገመተው። በእነዚህ ቁጥሮች ሲሰላ ከ54,500 ዶላር በላይ መክፈል አይገባም ነበርና ተውነው።

እንዲህ ያለውን ማጣራት ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያደርገው ይችላል። የሜሪላንድ የግብር ግምት መሥሪያ ቤት፣ ኤስዳት በመባል የሚታወቀው፣ የእያንዳንዱን ቤት ባለቤት፣ የተሠራበትን ዓመትና ቀደም ሲል የተሸጠበትን ዋጋ በነጻ ያሳያል። የባልቲሞር ከተማ ኮድማፕ የተባለው ካርታ ደግሞ ቤቱ «ባዶና ለመኖሪያ የማይመች» የሚል ማስታወቂያ ተሰጥቶት እንደሆነና የግንባታ ፈቃድ ወጥቶለት እንደነበር ይናገራል። ድርጅቱ እነዚህን መረጃዎች ከዝርዝሩ ጋር ማያያዝ አይሳነውም፤ አለማያያዙን እንደ ከባድ ጉድለት እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም ውሉን ለመፈረም የሚሰጠን ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ሲሆን፣ የምናስይዘው የ5,000 ዶላር ቀብድም የማይመለስ ነው። የባንክ ብድር በእንዲህ ያለ ፍጥነት ስለማይደርስ ገንዘቡን አስቀድሞ ማዘጋጀት የግድ ነው። እኛ ከቁጠባችን በተጨማሪ የወጣልንን ዕቁብ አስገብተንበታል፤ የዕቁብ ገንዘብ የያዘ ሰው ደግሞ ቀብዱን ቢያጣ የሚጎዳው ብቻውን አይደለም።

የገዛነው ቤት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ በ79,000 ቀርቦ በ75,000 ዶላር ተስማማን። የመመዝገቢያው፣ የከተማውና የግዛቱ የዝውውር ግብሮች በአንድነት ከዋጋው ሦስት በመቶ ይሆናሉ። በተለመደ ግዢ ሻጭና ገዢ የሚካፈሉት ይህ ወጪ እዚህ ሙሉ በሙሉ በእኛ ላይ ስለተጫነ 2,250 ዶላር ከፈልን። ለታይትል (ለስመ ንብረት) ዋስትናና ለልዩ ልዩ ክፍያዎች 1,900 ወጣ። በዝርዝሩ 38,000 የተባለው ጥገና፣ የውኃ ቧንቧው በሙሉ መቀየር ስለነበረበት፣ 57,000 ደረሰ።

ሁላችንንም ያስገረመን ግን የመሬት ኪራዩ ነው። አገራችን መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የግለሰብ ስለሆነ ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ እናገኘዋለን ብለን ግን አልጠበቅንም። በባልቲሞር ብዙ ቤቶች የቆሙት በሌላ ሰው መሬት ላይ ነው፤ ውሉ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሆኖ ያለማቋረጥ የሚታደስ ሲሆን፣ የቤቱ ባለቤት በየዓመቱ ለባለመሬቱ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በመኖሪያ ቤት ላይ አዲስ የመሬት ኪራይ መፍጠር ተከልክሏል፤ የነበሩት ግን ቀጥለዋል። በእኛ ቤት ላይ በዓመት 96 ዶላር ነበረበት። በዝርዝሩ ላይ አንድም ቃል አልተጻፈም፤ ያገኘው ስመ ንብረቱን የሚያጣራው ታይትል ካምፓኒ ነው። ቤቱ በተሠራበት ዘመን ለተፈጠሩ ኪራዮች በሚያገለግለው፣ የዓመቱን ኪራይ ለስድስት በመቶ በሚያካፍለው ስሌት መሠረት 1,600 ዶላር ከፍለን መሬቱን ጠቀለልነው። ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም፣ ኪራዩ ተዘንግቶ ዓመታት ቢያልፉ ውዝፉና የጠበቃው ወጪ ቤቱን እስከ ክስ ሊያደርሰው ይችላል፤ ስለዚህ መጠቀስ ነበረበት። ሌሎቹን ግዴታዎችም ገዢው ራሱ ማወቅ አለበት፦ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ለማከራየት በግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መመዝገብና የእርሳስ ቀለም ምርመራ ማስረጃ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ የከተማው የማከራያ ፈቃድም እንዲሁ።

ጠቅላላ ወጪያችን 137,750 ዶላር ሆነ፤ ቤቱ አሁን በወር 1,750 ተከራይቷል። በገንዘብ ረገድ አልተጎዳንም።

ያልተመቸኝ የሻጯ ነገር ነው። በክሎዚንግ ዕለት ጠረጴዛው ዙሪያ ስንቀመጥ፣ ቤቱን ከእናታቸው የወረሱት በዕድሜ የገፉ ሴት የሒሳብ ማጠቃለያውን ወረቀት ደጋግመው ተመለከቱ። እርሳቸው የተዋዋሉት በ61,000 ዶላር ነበር፤ ከእኛ ከተከፈለው ውስጥ 14,000ው የሆልሴለሩ ክፍያ ነው። «ቤቱን የሚገዛው ያ በስልክ ያነጋገረኝ ልጅ መስሎኝ ነበር» አሉን። ሕግ የተጣሰ አይመስለኝም፤ ፊርማቸውም የእርሳቸው ነው። ይሁን እንጂ ከማን ጋር እንደሚዋዋሉ ሳይገባቸው ፈርመዋል። የኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ባደረገው የሕግ ማሻሻያ፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ሆልሴሊንግ የሚሠራ ሰው የድለላ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢው ለረጅም ዓመታት ቤት ይዘው የኖሩ ወላጆቻችንም «ቤትዎን ባለበት ሁኔታ በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን» የሚሉ ደብዳቤዎች ይደርሷቸዋል፤ የዚያን ዕለት ያሰብኩት እነርሱን ነው።

ድርጅቱ በሆቴል አዳራሽ የሚሰጠው ነጻ ሥልጠና ወደሚከፈልበት የሦስት ቀን ትምህርት መጋበዣ ነው፤ እኔ አልተመዘገብኩም። የተመዘገበና የተጸጸተ ሰው ግን እንዲህ ባለ ጊዜያዊ ቦታ በ130 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የተሸጠለትን አገልግሎት በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰርዝ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ይፈቅድለታል።

አሁንም ከዝርዝራቸው አልወጣሁም። ሆኖም አንድ ቤት ስንመርጥ፣ ሻጩ ውሉ ለሌላ ገዢ እንደሚተላለፍ በጽሑፍ ተነግሮት መፈረሙን የሚያሳይ ወረቀት አስቀድመው እንዲልኩልን መጠየቅ ጀምረናል። እስካሁን ለሦስት ቤቶች ጠይቀናል። ለሁለቱ በማግስቱ ላኩልን፤ ሦስተኛው ሳይላክ ሁለቱ ቀናት ስላለፉ ቤቱን ትተነዋል።