ለሰርግ የሚሸጠውን «የሌዘር ፓኬጅ» ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

የባህር ዳር እህቶች፣ የጥር ሰርግ ሲቃረብ በከተማችን የውበት ሳሎኖች አንድ ነገር በብዛት መሸጥ ይጀምራል። «የሙሽራ ሌዘር ፓኬጅ» ይሉታል። የአገጭ ፀጉር፣ ከከንፈር በላይ ያለች ሪዝ፣ ከጆሮ ሥር ወደ ጉንጭ የወረደ ፀጉር፣ ሁሉንም ለዘላለም እናጠፋለን ነው ነገሩ። ለሙሽራዋም፣ ለሚዜዎቿም፣ ለእናቷም ቅናሽ አለ። እኔም የታናሽ እህቴ ሰርግ ስለነበረብን ገዛሁት። 18 ሺህ ብር፣ ሙሉውን በቅድሚያ። የሳሎኑን ስም አልጽፍም። ብጽፈው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ታፔላ ሰቅሎ ይመጣል። ዘዴውን ካወቃችሁት ግን በየትኛውም ታፔላ ሥር ትለዩታላችሁ።

ከማስታወቂያው ልጀምር። ቲክቶክ ላይ «በፊት» እና «በኋላ» ብለው የሚለጥፉት ፎቶ የፈረንጅ ሴት ነው። ነጭ ቆዳ፣ ጥቁር ፀጉር። ብዙዎቻችን ይህን ሳናስተውል እናልፋለን፤ የነገሩ ቁልፍ ግን እሱ ላይ ነው። የሌዘሩ ብርሃን የሚፈልገው ሜላኒን የሚባለውን ቀለም ነው። ቀለሙ ብርሃኑን ይውጣል፣ ይሞቃል፣ ሙቀቱም የፀጉሩን ሥር ይጎዳዋል። ነጭ ቆዳ ላይ ብዙ ቀለም ያለው ፀጉሩ ብቻ ነው። የእኛ ቆዳ ግን ራሱ ቀለም አለው። ማሽኑ በትክክል ካልተመረጠ ብርሃኑ የፀጉሩ ሥር ሳይደርስ ቆዳውን ያቃጥላል።

ለጠቆረ ቆዳ የተሻለ ደህንነት አለው የሚባለው ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ነው። የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር ነው። ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይገባል፣ ከላይ ያለው የቆዳ ቀለምም ብዙ አይውጠውም። 755 ናኖሜትር የሆነው አሌክሳንድራይት ደግሞ ለነጣ ቆዳ ይሻላል። በየሳሎኑ የሚታየው አይፒኤል የሚባለው ማሽን ግን ከነጭራሹ ሌዘር አይደለም። እንደ ካሜራ ፍላሽ ቦግ የሚል፣ ብዙ ዓይነት ሞገድ የተቀላቀለበት ብርሃን ነው። በነጣ ቆዳ ላይ ይሠራል። እኛ ላይ ግን የመቃጠል አደጋው ከፍ ያለ ነው።

የማሽኑን ስም ስጠይቅ «የጀርመን ነው ማሬ» ተባልኩ። ስም ነበር የጠየቅሁት፣ አገር አይደለም። በኋላ የማሽኑን ፎቶ ያየችው የቆዳ ሐኪም አይፒኤል እንደሆነ ወዲያው ነገረችኝ።

ሌላው ውሸት ጊዜው ነው። የተሰጠኝ ካርድ ላይ ስድስት ሳጥን አለ፣ በየሳምንቱ አንዱ ላይ ማህተም ይመታል፣ በአንድ ወር ተኩል ያልቃል። ፀጉር ግን እንደዚያ አይሄድም። ፊታችን ላይ ካለው ፀጉር ከፊሉ እያደገ ነው፣ ከፊሉ ቆሟል፣ ከፊሉ ሊረግፍ ደርሷል። ብርሃኑ በደንብ የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን ነው። የቆመው ተራው ደርሶ ማደግ እስኪጀምር መጠበቅ ግድ ይላል። ለዚህ ነው ለፊት በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ልዩነት የሚሰጠው። ስድስት ጊዜ ለመጨረስ ቢያንስ አምስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ከስድስት በላይ የሚያስፈልጋትም ብዙ ናት። በኅዳር ተጀምሮ ለጥር የሚያልቅ ሌዘር የለም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታስታውሱ እንኳ ብራችሁ ይተርፋል።

«ለዘላለም» ስለሚለው ቃላቸውም ልንገራችሁ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለሌዘር አምራቾች የሚፈቅደው «በዘላቂነት ይቀንሳል» እንዲሉ ነው፣ «በዘላቂነት ያጠፋል» እንዲሉ አይደለም። ጨርሶ ያጠፋል ሊባል የሚችለው ኤሌክትሮሊሲስ ነው። ቀጭን መርፌ በእያንዳንዱ ፀጉር ቀዳዳ ገብቶ ሥሩን በኤሌክትሪክ የሚያጠፋ ዘዴ ነው። ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ የሠራበት አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ወደ ዓይን የሚበቅል ሽፋሽፍትን ለማጥፋት ነበር የተጠቀመበት። ለሸበተ ፀጉርም ይሠራል፤ ሌዘር ቀለም ስለሚፈልግ ሽበት ላይ ዋጋ የለውም። ግን አንድ በአንድ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ሠሪው ካልቻለበትም ጠባሳ ይተዋል።

ወደ ፓኬጁ ልመለስ። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት አንድም ነገር አልተደረገም። ጆሮ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ቆዳዬ ምን እንደሚል አልታየም። የዓይን መከላከያ መነጽር የለም፤ ፎጣ ነው ዓይኔ ላይ ጣል ያደረጉልኝ። ምን መድኃኒት እንደምወስድ፣ የወር አበባዬ እንዴት እንደሆነ የጠየቀኝም የለም። አገጬ ተቃጠለ። ቀላ፣ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ጠቆረ። «ቆሻሻው እየወጣ ነው» አሉኝ። እህቶቼ፣ ቆዳ ውስጥ በፍላሽ የሚወጣ ቆሻሻ የለም። ያ መቃጠል ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ የቃጠሎ ጥቁረት ለመልቀቅ ወራት ይወስዳል። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ያለ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ጣና ዳር መንሸራሸር ጥቁረቱን ያባብሰዋል። ይህንንም የነገረኝ አልነበረም።

አሁን ከሁሉ የከፋው። ጥቁረቱን ያጠፋል ብለው ክሬም ሸጡልኝ። በፓኬጁ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ይከፈልበታል። ስም የሌላት፣ የተመረተችበት ቀን የሌላት ነጭ ብልቃጥ ናት። መጀመሪያ ተአምር ሠራች። መቅላቱ ጠፋ፣ ፊቴ ወዝ አገኘ፣ ነጣ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ቆዳዬ ሳሳ፣ ብጉር ወጣ፣ በፊት ምንም ያልነበረበት ጉንጬ ላይ ቀጫጭን ፀጉር በቀለ። የቆዳ ሐኪሟ ብልቃጧን አይታ፣ ፊቴንም አይታ፣ ስቴሮይድ የሚባል የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው ብላ ጠረጠረች። እንደ ክሎቤታዞል እና ቤታሜታዞን ያሉ የስቴሮይድ ቅባቶች ለረጅም ጊዜ ፊት ላይ ሲቀቡ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ፀጉርም ያበቅላሉ። የፀጉር ማጥፊያ ከፍዬ የፀጉር ማብቀያ ተሸጠልኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክሬም ተቀብታችሁ ከሆነ በድንገት ስታቆሙት ፊት ሊቆጣ ስለሚችል አወራረዱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ብልቃጡንም አትጣሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ።

ገንዘቤን ስጠይቅ «በሥርዓቱ ስላልተከታተልሽ ነው» ተባልኩ። ደረሰኝ ስል «ሲስተም የለም»። ክፍያው የገባው በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው።

ፀጉሩ ከየት እንደሚመጣ ካላወቃችሁ ግን ሐቀኛ ሳሎን ብታገኙም ገንዘባችሁ ሊባክን ይችላል። ለስላሳ ቀጭን ፀጉር ሁላችንም ፊት ላይ አለ። ጠቆር፣ ጠጠር ብሎ አገጭና ደረት ላይ እንደ ወንድ የሚወጣው ሂርሱቲዝም ይባላል። በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ100 ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይታያል። ስለዚህ ብቻችሁን አይደላችሁም። ኮቪድ ካለፈ ስንት ጊዜው ሆነ፤ አሁንም ባጃጅ ውስጥ በማስክ አገጯን የምትሸፍን ሴት ሳይ ምክንያቷን እገምታለሁ። ዋናው መነሻ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው። የወር አበባ ይዘበራረቃል፣ ብጉር ይበዛል፣ ክብደት ሊጨምር ይችላል። ከስኳር በሽታና ለማርገዝ ከመቸገር ጋርም ስለሚያያዝ ጉዳዩ ከውበት ያለፈ ነው። የወር አበባቸው ትክክል ሆኖ፣ ምርመራቸውም ደህና ሆኖ በዘር የሚወጣባቸውም አሉ። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ የራስ ፀጉር እንደ ወንድ ከሳሳ ግን ሳሎን ሳይሆን ሐኪም ቤት፣ ያውም በቶሎ።

ሆርሞኑ ካልተስተካከለ በሌዘር የሄደው ላይ አዲስ ይበቅላል። በሌዘርና በአይፒኤል ጭራሹን ፀጉር የሚበዛባቸውም አሉ፤ በተለይ ፊትና አንገት ላይ፣ ጠየም ባለ ቆዳ፣ ሆርሞናቸው በተዛባ ሴቶች። ይህን በማስታወቂያ አትሰሙትም።

ሐኪም ጋ የሚደረገው ብዙ ውስብስብ አይደለም። የወር አበባ ታሪክ ይጠየቃል፣ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን በደም ምርመራ እንዲታይ ይታዘዛል፣ አንዳንዴ አልትራሳውንድ ይጨመራል። መድኃኒት ካስፈለገ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ነው። ስፒሮኖላክቶን የሚባል ኪኒንም አለ። ይህኛው ወንድ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል እርግዝና ለምታስብ ሴት አይሆንም፣ ያለ ወሊድ መቆጣጠሪያም አይወሰድም። ከጓደኛ ተቀብላችሁ እንዳትውጡት። ውጤቱ ለመታየት ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል። ኢፍሎርኒቲን የሚባል ክሬምም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ለሴቶች የፊት ፀጉር የተፈቀደው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ዕድገቱን ያዘገያል እንጂ አያጠፋም፣ ሲቆምም ፀጉሩ ይመለሳል። አፍሪካ ውስጥ መድኃኒቱ በቆላ ዝንብ (ፄፄ) የሚተላለፈውን የእንቅልፍ በሽታ ለማከም ሲያገለግል የኖረ ነው።

እስከዚያው ርካሹን መንገድ አትናቁ። ክር ጥሩ ነው። ያማል፣ ያልፋል። ከሰርጉ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም አድርጉት፣ መቅላቱ እንዲወርድ። ምላጭ ፀጉርን ያወፍራል፣ ያበዛል የሚባለው ትክክል አይደለም። ምላጩ ጫፉን ድፍን አድርጎ ስለሚቆርጠው ሲበቅል ይሻክራል፣ ብዛቱ ግን ያው ነው። እናቶቻችን ይህን አይቀበሉም፣ እኔም ለማሳመን ሞክሬ ትቼዋለሁ። ሰም እየሳበ ቆዳ ሊልጥ ይችላል፤ በተለይ ስቴሮይድ ባሳሳው ፊት ላይ አይሞከርም። የፀጉር ማቅለጫ ክሬም ከሆነ መጀመሪያ ክንድ ላይ ሞክሩት። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ መውጣት ግን ፊት ያቃጥላል፤ ቲክቶክ ምንም ቢል ተዉት።

ሌዘር በራሱ ክፉ ነው አላልኩም። ትክክለኛው ማሽን፣ የቆዳ ሐኪም ባለበት፣ ከምርመራ በኋላ ከሆነ ይጠቅማል። ግን እየተሠራላችሁ በየጊዜው ክፈሉ እንጂ ሙሉውን አስቀድማችሁ አትስጡ። የማሽኑን ስምና የሞገዱን ቁጥር ጠይቁ። መመለስ ካልቻሉ ውጡ። ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። «ቅናሹ ዛሬ ብቻ ነው» ካሉም ውጡ።

ቀድሞ ለከፈላችሁት፦ ይህ ንግድ የቆመው በእኛ እፍረት ላይ ነው። ቢሮ ሄዳ «ፂም ነበረኝ» የምትል ሴት እንደሌለች ሻጯ በደንብ ታውቃለች። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ስለምትገዙት አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፣ ነጋዴውንም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። የባንክ ማስተላለፊያውን፣ የቴሌግራም መልእክቱን፣ ካርዱን፣ የተቃጠለውን ቦታ ፎቶ፣ የሐኪሙን ወረቀት ሰብስቡና ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሂዱ። ስም የለሽ ክሬሙ ደግሞ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪዎችን ይመለከታል። ማመልከቻው ላይ የፀጉሩን ታሪክ መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። «የቆዳ አገልግሎት ለማግኘት በቅድሚያ ከፈልኩ፣ ስለማሽኑ የተነገረኝ ትክክል አልነበረም፣ ደረሰኝ ተከለከልኩ፣ ጉዳት ደረሰብኝ» ብላችሁ ብትጽፉ ይበቃል።