የጠላቂ ጓንቴ ከ14 ወር በኋላ፤ ከኦስሎ ውሃ እስከ ድሬ ጎሚስታ

ለእረፍት ድሬ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ከቀትር እንቅልፌ ስነሳ እማዬ የመጥለቂያ ጓንቶቼን የልብስ ገመድ ላይ አስጥታቸዋለች። በዚያ ፀሐይ! ሰማያዊና ወፍራም ስለሆኑ የሰሃን ማጠቢያ መስለዋታል። "ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠህ የሰሃን ጓንት ይዘህ ትመጣለህ?" አለችኝ። ምን ልበላት፣ ሲታዩ ከሰሃን ጓንት ብዙም አይለዩም።

ያደግኩት ከዚራ ነው። የደቻቱ ወንዝ ወይ አሸዋ ነው ወይ ጎርፍ፣ ዋና የሚለመድበት አይደለም፤ እኔም ዋና የቻልኩት ኦስሎ ከሄድኩ በኋላ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። እዚህ ስለ ጓንቱ ያወራሁት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ጅቡቲ እዚሁ አፍንጫችን ስር እያለ?" አቦ እውነት ነው፣ ጅቡቲ ውሃው ሞቃት ነው፣ ያንን ዌል ሻርክ የሚባል ግዙፍ ዓሣ እያየህ ባዶ እጅህን ትዋኛለህ። እኔ ግን የምኖረው ኦስሎ ነው፤ እዚያ የምጠልቀው በድራይ ሱት ነው።

ለማያውቅ ሰው፦ ድራይ ሱት ውሃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ ነው። አንገትና የእጅ አንጓ ላይ በላቴክስ ወይም በሲሊኮን ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፣ ከስር ወፍራም ልብስ ትደርባለህ። እጅህ ግን ውጭ ይቀራል። ብዙ ሰው እጁን በኒዮፕሪን (ስፖንጅ መሰል ላስቲክ) ጓንት ይሸፍናል። እሱ ውሃ ያስገባል፣ የገባውን ውሃ እጅህ እያሞቀው ትቆያለህ። እኔም የመጀመሪያውን ብርድ ያሳለፍኩት በ5 ሚሊሜትር ኒዮፕሪን ነው። በጥር ወር ፊዮርዱ (ወደ የብስ የገባው የባህር ክንድ) ውስጥ መለኪያዬ 4 ዲግሪ ያሳያል። ውሃ ደግሞ ሙቀትህን ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው የሚነጥቅህ። 20 ደቂቃ ላይ ጣቶቼ ያመኛል፣ 30 ላይ ሕመሙ ይጠፋል፤ የሚያስፈራው መጥፋቱ ነው። አንዴ የልብሱን አየር መሙያ ቁልፍ መጫኔን አለመጫኔን በጣቴ መለየት አቅቶኝ አንገቴን ደፍቼ ደረቴን ማየት ነበረብኝ። ወጥቼ ሳልደርቅ ነው ደረቅ ጓንት፣ ማለትም ውሃ የማያስገባውን፣ ያዘዝኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። እጅጌው ላይ አንድ ጠንካራ ቀለበት አለ፣ ጓንቱ ላይ ሌላ፣ ሁለቱ ጠቅ ብለው ይገጥማሉ፣ መሃላቸው ኦሪንግ፣ ውሃ የሚከለክል ቀጭን የላስቲክ ቀለበት፣ አለ። ከውስጥ የሱፍ ጓንት ታደርጋለህ። የሚያሞቅህ ውጪኛው ላስቲክ እንዳይመስልህ፤ ሱፉና ሱፉ የያዘው አየር ነው። መጀመሪያ ይሄ ስላልገባኝ ስስ የጥጥ ጓንት አድርጌ ገብቼ "ገንዘቤን በላኝ" ብዬ ነበር። ሱፍ ስቀይር ግን ሌላ ዓለም ሆነ። እስካሁን 41 ጊዜ ጠልቄበታለሁ፣ 50 ደቂቃ የቆየሁባቸው ቀኖች አሉ። በርዶኝ ያውቃል፣ ደንዝዞኝ ግን አያውቅም።

አሁን ወደ ምሬቱ። 10 ሜትር ስትወርድ ግፊቱ እላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፣ ጓንቱ ውስጥ ያለው አየር በግማሽ ይቀንሳል፣ ላስቲኩም ቆዳህን መቆንጠጥ ይጀምራል። መፍትሔው አንጓህ ላይ ባለው መዝጊያ ስር ቀጭን ቱቦ ማሾለክ ነው፤ አየር ከልብሱ ወደ ጓንቱ ያልፋል፣ እጅህን ከፍ ስታደርግ ይሞላል። ከፍ አድርገህ ከረሳኸው ደግሞ ጓንቱ ተነፍቶ የላም ጡት ያክላል፤ በዚያ እጅ ምንም ነገር መያዝ አትችልም። የቱቦው ዕዳ ሌላ ነው፦ ጓንቱ ከተቀደደ ውሃው እጅህ ላይ አይቆምም፣ በዚያው ቱቦ ወደ ክንድህ ይዘልቃል። ቱቦ የማይወዱ ሰዎች የሚፈሩት ይሄንን ነው፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ቁንጥጫውን አልቻልኩትም፣ ቱቦዬን ይዣለሁ።

ሁለተኛውን ጓንት ብቻህን ማጥለቅ ራሱን የቻለ ትግል ነው፣ ሰው ቢኖር ይሻላል። መቆለፊያና ዘለበት መክፈት እንደ አዲስ ትማራለህ፤ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን እያየሁ ነው የተለማመድኩት። ኦሪንጉን ደግሞ ሁልጊዜ ጥረገው፣ ሲሊኮን ቅባት ቀባ ቀባ አድርገው። አንድ ቀን ከሱፍ ጓንቴ የተነቀለች አንዲት ክር ኦሪንጉ ላይ ተኝታ ግራ እጄን ሙሉ በሙሉ አርጥባኛለች። አንዲት ክር!

ወደ ድሬ ያመጣኋቸው ቀኙ ስለተበሳ ነው። የኦይስተር (ቋጥኝ ላይ የሚጣበቅ የባህር ዛጎል) ቅርፊት እንደ ምላጭ ነው፣ ቋጥኝ ስይዝ መሃል ጣቴ ላይ ቆረጠው። ታይዋን ገበያ አጠገብ ወዳለ ጎሚስታ ወሰድኩት። በኮምፕሬሰር ሊነፋው ሲል ለምኜ አስቆምኩት፤ በአፉ ነፍቶ እንደ ብስክሌት ጎማ ሳፋ ውስጥ ነከረው። "ወሪያ፣ ይሄ እኮ ሁለት ቦታ ነው" አለኝ። ሁለተኛው አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል፣ ሁልጊዜ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ቅርፊት አልነካውም፣ መተጣጠፉ ብቻ በልቶታል። ለካ ባለፉት ወራት አንጓዬ አካባቢ የሚሰማኝ እርጥበት ላብ አልነበረም! 14 ወር ሙሉ በልብስ ገመድ ፋንታ አንድ ሳፋ ውሃ ቢኖረኝ ቀድሜ አገኘው ነበር። ከእንግዲህ ጓንቴን በየወሩ ነፍቼ እነክራለሁ።

ጎሚስታው በማስቲሽ ለጠፈልኝ፣ ሂሳብም አልቀበል አለኝ። በነጋታው ልጣፉ ተላጠ፤ ጓንቱ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ የጎማ ማስቲሽ እሱን አይዝም። ደግነቱ ውዱ ነገር ቀለበቱ ነው፣ ላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ስመለስ ሌላ ጥንድ ገዝቼ በዚያው ቀለበት እገጥማለሁ።

ቀለበቶቹን ነቅዬ አሮጌዎቹን ለእማዬ ሰጠኋት። ሰሃን ታጥብባቸዋለች። ቀኙ ውሃ ያስገባል ብላ ትላንት ነገረችኝ።