ስሱ ረጅም ገጀራ ወይስ ወፍራሙ አጭር?

ገጀራ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። እኔ ከእጀታው ጀምሩ እላለሁ። የደነዘዘ ስለት በሞረድ አሥር ደቂቃ ውስጥ ይመለሳል፤ ውሃ የቋጠረ መዳፍ ግን ሳምንት ያስቀምጣል።

ለምንጣሮ በብዛት የሚቀርቡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በላቲን አሜሪካ የተለመደው ቀጥ ያለ ገጀራ ነው፤ ብረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ስስ፣ ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። የብራዚሉ ትራሞንቲና የሚሠራቸው አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ቀላል ስለሆነ የሚቆርጠው በፍጥነቱ ነው፤ ሣሩን፣ ሐረጉንና ለጋውን ቀንበጥ ጠራርጎ ይሄዳል፤ ርዝመቱም ወገብን ከማጉበጥ ያድናል። ደረቅ ግንድ ላይ ሲያርፍ ግን እንጨቱ ነክሶ ይይዘዋል፤ እሱን ሲወዘውዙ ክንድ ይዝላል።

ሌላው በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ የተለመደው፣ ፓራንግ የሚባለው ገጀራ ነው፤ አጠር ያለ፣ ጀርባው ወፍራም፣ ክብደቱ ወደ ፊት ያጋደለ። እንጨት ላይ እንደ ትንሽ መጥረቢያ ይሠራል። ሣር ላይ ግን ከንቱ ነው፤ ያስተኛዋል እንጂ አይቆርጠውም። ክብደቱም ቀስ በቀስ የእጅ አንጓ ላይ ይወጣል።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ስሱን ውሰዱ፤ ወፍራሙን ግንድ መጋዝ ይጨርሰዋል። እንጨታም ቁጥቋጦ ብቻ ከሆነ የሚጠብቃችሁ፣ ያኔ ፓራንጉ።

ወደ እጀታው ልመለስ። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ መዝለቁን፣ ማያያዣ ሚስማሮቹም ከእንጨቱ እኩል መተኛታቸውን በጣት ዳስሱ፤ ብቅ ያለ ሚስማር መዳፍ ይልጣል። የመጀመሪያው ገጀራዬ ብረት እጀታው ውስጥ የገባው ጥቂት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ስወነጭፈው ስለቱ ብቻውን በረረ፤ ደግነቱ ፊት ለፊቴ ሰው አልነበረም። ጠንካራ ፕላስቲክ ዝናብ አይጎዳውም፤ ላብ ሲነካው ግን ያንሸራትታል። ጎማ በደንብ ይያዛል፣ ቶሎ ያረጃል። እንጨት እመርጣለሁ፤ የሚያብረቀርቀውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ልጦ የተልባ ዘይት መቀባት ግን ግድ ነው።

ብረቱ የካርቦን ይሁን። ይዝጋል፣ እውነት ነው፤ ከሥራ በኋላ ጠርጎ ዘይት መቀባት ይበቃዋል። የማይዝገው ብረት በሞረድ በቀላሉ አይሳልም። አዲስ ገጀራ ብዙ ጊዜ በደንብ ሳይሳል ስለሚመጣ፣ ሞረዱን በዚያው ቀን አብራችሁ ግዙ።