የአያቴን አያ ጅቦ ለሣለችልኝ የደሴ ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ወዳጆቼ እንዴት ናችሁ፣ አብሽሩ። አያቴ ትነግረን የነበረውን ተረት የልጆች መጽሐፍ ላደርገው ደፋ ቀና ስል ነበር። ይኸው ታትሞ እጄ ገባ። ጽሑፉ የኔ ነው፤ መጽሐፍ ያደረገችው ግን ሠዓሊዋ ናት። ስሜ በአደባባይ አይጠራ ብላለች፤ ደሴ ቤቷ ሆና የምትሠራ ልጅ ናት።

ጽሑፉን አስቀድሜ ልኬላታለሁ። እሷ ግን ደብተርና እርሳስ ይዛ መጥታ «አንብብልኝ» አለችኝ። እኔ ሳነብ ክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሳጥኖች እየሠራች እያንዳንዱን ገጽ ትሞነጫጭራለች፤ ድምፄን ዝቅ ያደረግኩበትን፣ ቆም ያልኩበትን ሁሉ ምልክት ታደርግበታለች። ገጹ የት እንደሚገለጥ የወሰነችው በዚህ ነው። አያ ጅቦ በሩን ሲያንኳኳ ገጹ ያልቃል። ማን እንደመጣ ማየት የፈለገ ልጅ ይግለጥ!

ከዚያ ጠፋች። ቀብድ የተቀበለ ሰው ሲጠፋ መቼም ያሳስባል። ስደውል አንዴ ባቲ ገበያ ግመል እየሣለች ነው፣ አንዴ ሐረጎ ላይ ቆማ ቁልቁል ኮምቦልቻን እያየች ነው። ደብተሯን ስታሳየኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ክረምት ላይ የጦሳን ተራራ የሚሸፍነው ጉም ለካ ነጭ አይደለም፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ደግሞ ሁሉ ነገር ወደ ቢጫ ይሄዳል። እነዚህን ቀለሞች ከነቦታቸው በትንንሽ ጭረት መዝግባቸዋለች። እመት ጦጢት ከደጋ ወርዳ ስትሰደድ እኔ ስለ አገሩ አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ ቀለሙ ነው የሚናገረው።

አያ ጅቦማ ለብቻው ነው። ጅብ ሣሉ ሲባሉ ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ካርቱን ገልብጠው የሚሰጡ ሞልተዋል። የእሷ ጅብ የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ ሌሊት የሚጮኸው የኛው ጅብ ነው። ደግሞ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው በጎኑ በአንድ ዓይኑ ይሣል የለ? እሷም አያ ጅቦን ሙሉውን መጽሐፍ በጎን አስኬደችው፤ መጨረሻ ላይ ሲታረቅ ብቻ ፊቱን አዞረችው። የጎረቤቴ ልጅ ማንም ሳይነግራት «አሁን እያየኝ ነው» አለች። ሠዓሊዋን ከየት አመጣሽው ብላት፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ሥዕል ወንጌል የነበረው አገር ልጅ ሆኜ ከሩቅ ምን አስኬደኝ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሕትመቱም ላይ ጠንቃቃ ናት። ስክሪን ላይ ያማረ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወጣ ይደበዝዛል፤ ስክሪን ብርሃን ነው፣ ማተሚያው ግን 4 ቀለም እየደባለቀ ነው የሚያትመው። ስለዚህ አንድ ገጽ ለሙከራ አሳትማ የጉሙን ቀለም ከዋናው ሥዕል ጋር አስተያየች፣ አልወደደችውም፣ አስተካከለች። ሥዕሎቹን በ300 ዲፒአይ ጥራት ስካን አድርጋ፣ ለመቁረጫ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትታ፣ ጽሑፉ መስፊያው ውስጥ እንዳይገባ ቦታ ለይታ ነው ያስረከበችው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ርካሽ አይደለችም። ግማሹን ቀብድ ትቀበላለች። በእርሳስ እያለ የፈለጋችሁትን አስተካክሉ ብትሏት አይከፋትም፤ ቀለም ከነካ በኋላ ግን ለለውጥ ታስከፍላለች፣ ይህንንም አስቀድማ በውል ታስፈርማለች። ልክ ናት፤ የውሃ ቀለም በላጲስ አይጠፋም፣ እንደ አዲስ ነው የሚሣለው። ቀርፋፋም ናት። ለነገ የሚደርስ የሠርግ ካርድ የፈለገ ሌላ ሰው ይፈልግ። የልጆች መጽሐፍ ወይም የትምህርት ቤት ሥዕል ላለው ግን ዓይኔን ሳላሽ እጠቁማታለሁ።

እህቴ፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!

ስልኳን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጃታለሁ። «በነፃ ሣዪልኝና አስተዋውቅሻለሁ» የምትሉ ግን ባትደክሙ ይሻላል።