ሰይፍ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ እጀታው ውስጥ ያለውን ጠይቁ

ወገኖች፣ እንደኔ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሰይፍ የሚያምረው ሰው ካለ ይህን ሳያነብ ገንዘቡን እንዳያወጣ።

የምኖረው ጀርመን ነው። ዞሊንገን የምትባል በቢላና በሰይፍ ሥራ የታወቀች ከተማ አለች፤ ሙዚየሟ ውስጥ የድሮ ሰይፎችን አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ። ልጅ እያለሁ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ላይ ያለውን ሰይፍ ነበር አፍጥጬ የማየው። እና አንድ በድሮው አምሳል የተሠራ ልግዛ ብዬ ኦንላይን ስፈልግ በ140 ዩሮ አገኘሁ። ማስታወቂያው «በእጅ የተቀጠቀጠ፣ ለልምምድ የሚሆን» ይላል።

ሲደርሰኝ እውነትም ያብለጨልጫል። ግን ከባድ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 2.4 ኪሎ ሆነ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ብዙ ሰው የድሮ ሰይፍ እንደ መዶሻ የሚከብድ ይመስለዋል፤ አይደለም። በአንድ እጅ የሚያዙት የዚያ ዘመን ሰይፎች አብዛኞቹ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ገደማ ናቸው። ሰውየው ፈረስ ላይ ሆኖ በአንድ እጁ ሊያወዛውዘው ነው እኮ!

በሦስተኛው ሳምንት ጓሮ ይዤው ወጣሁ። የወንድሜ ልጅ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ምንም ነገር አልመታሁም፣ እንዲሁ በባዶው ነው ያወዛወዝኩት፣ አራት አምስት ጊዜ ቢሆን ነው፣ ከዚያ እጄ በአንዴ ቀለለኝ፣ ስለቱ ከእጀታው ተገንጥሎ በረረና ከልጁ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ሣሩ ላይ ተሰካ። አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል።

እጀታውን ፈትቼ አየሁት። ጥሩ ሰይፍ ላይ ስለቱ እጀታው ጋ ሲደርስ አያልቅም። ያው ብረት ሳይቆረጥ እየጠበበ በእጀታው ውስጥ ያልፍና ከኋላ ካለው ድቡልቡል ብረት ጋር ይያያዛል። የኔው ግን በስለቱና በእጀታው መካከል ያለው መስቀለኛ ብረት ጋ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ እርሳስ የቀጠነ ብሎን ነው፣ በብየዳ የተያያዘ። የተቆረጠውም ብየዳው ላይ ነው። ስለቱ ደግሞ አይዝጌ ብረት ነው። አይዝጌ ለወጥ ቤት ቢላ ግሩም ነው፤ በዚህ ርዝመት ግን ግድግዳ ላይ ለመስቀል እንጂ ለመወዛወዝ አይሆንም፤ ሲመታ የመሰበር አደጋ አለው።

ለሻጩ ስጽፍለት «ጌጥ እኮ ነው» አለኝ። በማግስቱ ማስታወቂያው ላይ «ለልምምድ» የሚለው ጠፋ። ደግነቱ ስክሪንሾት ነበረኝ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ኦንላይን የገዛችሁትን ዕቃ ከደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ትችላላችሁ፤ እኔ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳደንቀው ቀኑ አለፈብኝ። እንደተባለው ሆኖ ላልተገኘ ዕቃ ግን የሁለት ዓመት የሕግ ዋስትና አለ። እሱን ጠቅሼ ከስድስት ኢሜይል በኋላ ግማሹን መለሰልኝ።

አሁን ሌላ ገዝቻለሁ። ከመክፈሌ በፊት ክብደቱን፣ የብረቱን ዓይነትና እጀታው ሳይገጠም የተነሳ ፎቶ ጠየቅኩ። ሻጩ በዚያው ቀን ላከልኝ። የመጀመሪያው ሻጭ ግን ስለ ክብደቱ አንድም ቃል አልጻፈም ነበር፣ እኔም አልጠየቅኩም። አዲሱ 1.2 ኪሎ ነው። ከመስቀለኛው ብረት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብዬ ጣቴ ላይ ሳሳርፈው ሚዛኑን ጠብቆ ይቆማል፤ ስትይዙት የክንዳችሁ ቅጥያ ነው የሚመስለው። ጎበጥ አድርጌ ስለቀው ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ይዝጋል፣ እውነት ነው፤ በጣት ከነካሁት በኋላ ጠርጌ ዘይት እቀባዋለሁ፣ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝም አፎቱ ውስጥ አላሳድረውም። ማታ ማታ አውጥቼ ማየት ነው ሥራዬ።

የተሰበረውን አልጣልኩትም። ብየዳው የተቆረጠበትን በደንብ አንስቼዋለሁ። ልትገዙ ያሰባችሁትን ከሱ ጋር ማስተያየት ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።