ባንክ በር ላይ ጥበቃ ይሻላል ወይስ የብር መኪና ላይ?

ባህር ዳር ጥበቃ ልትቀጠር ካሰብክ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። በሩ ላይ ያለውን ታውቀዋለህ፣ መፈተሽ ሰልፍ ማስያዝ፣ ይሰለቻል ግን ሰው አለ ቡናም አይጠፋም፣ የሌሊት ተረኛ ከሆንክ ደሞ የጣና ቢንቢ ነው የሚጨርስህ።

ብር የሚያመላልሰው ብረት ለበስ መኪና ሌላ ነገር ነው። መስኮቱ አይከፈትም፣ ኤሲው ከተበላሸ በሚያዝያ ሙቀት ውስጡ ምጣድ ነው ግን በሩን ከፍተህ ንፋስ ልቀበል አትልም። ብር ደሞ የሚቀለው ኪስ ውስጥ ሲሆን ነው እንጂ 1 ሚሊየን በባለ 200 ኖት 50 እስር (አንዱ እስር 100 ኖት ነው)፣ በባለ 10 ከሆነ 1,000 እስር ነው፣ ያንን በከረጢት ቶሎ ቶሎ ስታወርድ ወገብህ ይናገራል፣ ያውም አንዱ ሲሸከም ሌላው መሳሪያውን ይዞ የመንገደኛውን እጅ እጅ እያየ። በየት በኩል በስንት ሰዓት እንደምትሄድ ለሚስትህም አትነግርም (ይሄ ቤት ውስጥ ስንት ጭቅጭቅ እንደሚያመጣ ያገባ ያውቀዋል)።

እኔን ካልከኝ ወጣት ከሆንክ መኪናው፣ ልጆች ካሉህ በሩ። መኪናውን ከመረጥክ ግን አበልና ኢንሹራንስ ውሉ ላይ መጻፉን ሳታይ እንዳትፈርም።