ብሔራዊ ሙዚየም፦ ከድንቅነሽ እስከ ዙፋኑ

ባለፈው ቅዳሜ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቻለሁ። ተማሪ ሳለሁ በሰልፍ ገብቼ በሰልፍ የወጣሁበት ቤት ነውና፣ ብቻዬን ቀስ ብዬ መጎብኘቴ እንደ አዲስ ሆኖልኛል።

ከመሬት በታች ባለው ክፍል የድንቅነሽ አጽም ቅጂ ይታያል። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ሲሆን ቁመቷም ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጥም (ብዙ ጎብኚ «ይህቺው ናት?» ሲል ሰምቻለሁ)። ከጎኔ የቆመች ተማሪ አስጎብኚውን «እንግዲያው የሰው ልጅ እኩልነት በሳይንስ ተረጋግጧል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው። ረጋ ያለው ወጣት «የሁላችንም መነሻ አፍሪካ መሆኑን አጥንቱም ዘረመሉም ይመሰክራሉ፤ እኩልነትን ግን አጥንት ላይ አላየሁም» አላት። መልሱ በወቅቱ ቅር አሰኝቶኝ ነበር።

ቅሬታዬ የለቀቀኝ ደረጃውን ወጥቼ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን ፊት ስቆም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ ድንቅነሽ በዚያው ዓመት ኅዳር 15 ቀን አፋር ውስጥ ሐዳር በተባለ ስፍራ ተገኘች። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይመዝዝ ነበር። ይህ ሐረግ በዘረመል ምርመራ እውነት ሆኖ ቢገኝ፣ ጭሰኛው የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬቱ የሚያስረክብበት ሥርዓት ፍትሐዊ ይሆን ነበርን? አይሆንም። የመግዛት መብት ከዘር ሐረግ የማይቀዳ ከሆነ፣ እኩልነትም ከዘረመል መመሳሰል አይቀዳም፤ አለዚያ ነገ በሕዝቦች መካከል አንድ ልዩነት ቢገኝ መብታችን ሊቀነስ ነው። ሳይንስ የዘረኞችን ሐሰት ማፍረሱ ግን ቀላል ውለታ አይደለም፤ አሜሪካዊው የዘረመል ተመራማሪ ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 እ.ኤ.አ. ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በየሕዝቡ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል የሚታይ መሆኑን አሳይቷል።

ስወጣ ትኬት መቁረጫው ጋ ጥያቄው ጠበቀኝ፤ የውጭ ጎብኚ ከአገሬው ሰው የበለጠ ይከፍላል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የሁለቱን አቅም ሊያሰላልን ይችላል፤ እኩልነት እኩል ዋጋ ነው ወይስ እኩል ሸክም የሚለው ግን ከስሌቱ አይወጣም። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል።

ለመጎብኘት ያሰበ ሰው ጠዋት ሄዶ ከታችኛው ክፍል ቢጀምር፣ አስጎብኚም ቢጠይቅ ይበጀዋል።